ብሊች ያቃጠለው ፀጉሬ ይድናል ወይስ ልቁረጠው? ጥሩ ፀጉር ሠሪስ በምን ይታወቃል?

ቡቃያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ፀጉሬን ቀለም በሚያጠፋው ኬሚካል፣ በብሊች፣ ነጣ ወዳለ ብሎንድ ልለውጠው ብዬ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉሬ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ከዓመት ተኩል በፊት ደግሞ ሪላክሰር (ጥቅልል ፀጉርን የሚያቃና ኬሚካል) ተደርጌ ነበር፤ ጫፉ ላይ አሁንም አለ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ለውጥ ያመጣል ብዬ ስላላሰብኩ አልተናገርኩም።

የመጀመሪያው ዙር ብርቱካናማ ሆኖ ወጣ። ከወንበሩ ሳልነሳ ሁለተኛ ዙር ተቀባልኝ። ጭንቅላቴን ሲለበልበኝ ተናገርኩ። «ትንሽ ቻይው፣ እየሠራ ነው» ተባልኩና ካስክ ውስጥ ገባሁ። ጉዱ የታወቀው ሲታጠብ ነው። የምታጥበኝ ልጅ እጇ ድንገት ቆመ። ቀና ስል በጣቶቿ መሃል እፍኝ ፀጉር ይዛለች። ልቤ ቀጥ አለ።

አሁን ፀጉሬ ሲርስ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ሲደርቅ ጭድ ነው። ማበጠሪያ ሳስነካው ጠጥ ጠጥ እያለ ሲበጠስ ይሰማኛል። ግንባሬ አካባቢ የቀረው የጣት ርዝመት ብቻ ነው። ትራሴ ላይ፣ ሹራቤ ላይ፣ መታጠቢያው ላይ ሁሉ ቁርጥራጭ ፀጉር አለ።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ፀጉር ይድናል? ወደ ጥቁር ብመልሰው ይሻለው ይሆን? ጥሩ ፀጉር ሠሪስ እንዴት ነው የሚገኘው? እውነቱን ለመናገር አሁን ፀጉር ቤት በር ላይ ስደርስ እግሬ ይከብደኛል።

ሁለተኛ ዕድል

አይዞሽ እህቴ። ያለሽበትን አውቀዋለሁ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ነበርኩ።

ከመዳኑ በፊት መበጠሱ ይቁም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፔስትራና ፎን ተይ። በፎጣ አትፈትጊው፤ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት እየጫንሽ ውሃውን ምጠጪለት። በጠባብ ላስቲክ አትሰሪው። ስታበጥሪ ኮንዲሽነር ቀብተሽ፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ከሥር ጀምረሽ ወደ ታች ከሳብሽው ቋጠሮው ሁሉ ጫፉ ላይ ይጠራቀምና እዚያው ይበጥሰዋል። የትራስ ልብስሽንም ሳቲን አድርጊው፤ ጥጥ ፀጉሩን ይይዘዋል።

ሐምራዊ ሻምፖ ከሰጡሽ ለጊዜው አስቀምጪው። ቢጫነቱን ይሸፍናል እንጂ የተጎዳውን አይጠግንም፤ ያደርቃልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጭንቅላትሽ አሁንም ይቆስላል? ቅርፊት ወይም እዥ ካለው ሐኪም ይየው። ከፀጉሩ በፊት ቆዳው ይቀድማል።

ቡቃያ

ቁስሉ ደርቋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረው ማሳከክ ብቻ ነው። ፔስትራውን አሁኑኑ ከመሳቢያ አውጥቼ ለእህቴ ሰጠሁ።

ባለ መቀስ

በዚህ ሙያ 19 ዓመቴ ነው። ቡቃያ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አንጀቴን በላሽው፤ እንዲህ ሆነው ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ ናቸውና።

ይድናል ወይ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። ከቆዳሽ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም። እንደ ቁስል ራሱን አይጠግንም። «እንደ አዲስ ያደርግልሻል» የሚል ትሪትመንት ካየሽ አትመኚው። የምንችለው ሦስት ነገር ነው። ያለውን ደግፈን ማቆየት፣ ከሥር ጤነኛው እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከታች የተጎዳውን በየጊዜው መቁረጥ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ነገሩ የወራት እንጂ የሳምንታት አይደለም።

ምን እንደደረሰብሽ ብታውቂ ወደፊት ራስሽን ትጠብቂያለሽ። ፀጉር ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ብሊች ሽፋኑን ይከፍትና አብሮት የሚበጠበጠው ፔሮክሳይድ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይሰባብራል። ግን ቀለሙን ብቻ መርጦ አይሰብርም። ፀጉሩን ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገውን፣ የኬራቲኑን (የፀጉሩን ፕሮቲን) የሰልፈር ማያያዣም ይበጥሳል። ከላይ ያለውንም ስስ የቅባት ሽፋን ያነሳል። ለዚህ ነው ፀጉርሽ ውሃ ሲነካው እንደ ስፖንጅ የሚመጠው፣ ለመድረቅም ግማሽ ቀን የሚፈጅበት።

ሪላክሰር ደግሞ የሚነካው ያንኑ ማያያዣ ነው። ጫፍሽ አንዴ በሪላክሰር ተዳክሟል፤ በላዩ ብሊች ሁለቴ፤ ከዚያ የካስክ ሙቀት። ሙቀት ብሊቹን ያፈጥነዋል። ሪላክሰር ያለበት ፀጉር ላይ ብሊች አልሠራም። ደንበኛ ስትለምነኝም አልሠራም።

አንድ ሙከራ አድርጊ። ትራስሽ ላይ ካገኘሽው ውስጥ አንድ ፀጉር አንሺና ጫፉን በብርሃን እዪው። ነጭ እንክብል ነገር ካለው ከሥሩ ነው የወጣው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የተለመደ ነው። እንክብል ከሌለው ተበጥሶ ነው። ከዚያ ሌላ አንድ ፀጉር አርጥበሽ በሁለት ጣትሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ጤነኛ ፀጉር አንድ ሦስተኛ ያህል ይለጠጥና ይመለሳል። ያየሽውን ጻፊልኝ።

ቡቃያ

አሥራ አንድ አነሳሁ። ዘጠኙ እንክብል የላቸውም። የረጠበው ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ አልተመለሰም። እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ ተበጠሰ።

ኮኮናት

ለምን በየሁለት ቀኑ እንቁላል አትቀቢም? ፀጉር ፕሮቲን ነው፣ እንቁላልም ፕሮቲን ነው። በላዩ ደግሞ ኬራቲን የሚባለውን ማለስለሻ ብትሠሪ ልስልስ ይልልሻል። እኔ ኬራቲን ተሠርቼ በጣም ነው የወደድኩት።

ላብራቶሪ

ኮኮናት፣ በቀና ልብ እንዳልሽ አውቃለሁ፤ ግን ለዚህ ፀጉር አይሆንም። የምሠራው የፀጉር መጠበቂያዎች በሚቀመሙበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

የእንቁላል ፕሮቲን በጣም ትልቅ ነው። ፀጉር ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ይደርቃል። በፀጉር ምርቶች ላይ «ሃይድሮላይዝድ» የሚል ቃል የሚጻፈው ፕሮቲኑ አስቀድሞ ስለተቆራረጠ ነው። እሱም ቢሆን በልክ ነው። ፕሮቲን ሲበዛ ፀጉሩ ይገትርና ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል። ቡቃያ፣ እንዳንቺው ለተለጠጠ ፀጉር በሦስት ወይ በአራት እጥበት አንዴ ይበቃል። ገትሮ ከተሰማሽ አቁሚና ወደ ኮንዲሽነር ተመለሺ።

ኬራቲን ተብሎ የሚሠራው ማለስለሻ ጥገና አይደለም። ብዙዎቹ በጋለ ፔስትራ ይታተማሉ፤ አንዳንዶቹ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይለቃሉ። ሲሠራ ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ይህ ፀጉር ያን ሙቀት አይችልም።

የምመክረው ተራውን ኮንዲሽነር ነው። ሰው ይንቀዋል እንጂ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የተጎዳ ፀጉር ላዩ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይበዛዋል፤ በኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ፖዚቲቭ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚጣበቀው የበለጠ የተጎዳው ቦታ ላይ ነው። ፀጉሩ ሳይፋተግ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ መበጠስ የሚቀንሰውም በዚህ ነው። በታጠብሽ ቁጥር አትለፊው።

የኮኮናት ዘይትም ይጠቅማል፤ ግን ከታጠብሽ በኋላ ሳይሆን ከመታጠብሽ በፊት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አነጻጽሮ ከፀጉር የሚጠፋውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ሎሪክ አሲድ ነው፤ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ፀጉር ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በእጅሽ መዳፍ አሙቀሽ፣ በትንሹ፣ ማታ ከመሃል እስከ ጫፍ ቀቢና ጠዋት ታጠቢ።

ማያያዣ የሚጠግኑ የሚባሉትም አሉ። ኦላፕሌክስ የሚባለው ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ የታወቀው፤ ዛሬ ብዙ ዓይነት አለ። ያግዛሉ። ግን የሚሻሉት ብሊች ሲደረግ አብረው ሲገቡ ነው። ከተቃጠለ በኋላ ያጠነክሩታል እንጂ ወደ ቀድሞው አይመልሱትም።

ቆረጥኩት

እህቴ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ቆርጬ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት የተበጣጠሰ ፀጉር ስንከባከብ ጊዜዬን ነው የፈጀሁት። በቆረጥኩ ማግስት ቀለል አለኝ። ዛሬ ትከሻዬ ደርሷል። አስቢበት።

ቡቃያ

አስቤበታለሁ። ግን አልቻልኩም። ይህን ፀጉር ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ናት ያሳደገችው። አሁን ስታየኝ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝም ብላ በእጇ ዳበሰችው። ከሥሩ ለመላጨት አቅም የለኝም። ቀስ እያልኩ ብቆርጠው ይሻለኛል።

ሁለተኛ ዕድል

ሁለቱም መንገድ ነው። ማንም አያስገድድሽም። እኔ በየሁለት ወሩ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር እየቆረጥኩ ነው የጨረስኩት። የተሰነጠቀ ጫፍ ግን አይጠበቅለትም፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ አንድ ሴንቲ የሳሳሽለት በኋላ አምስት ያስቆርጥሻል።

ባለ መቀስ

ወደ ጥቁር ስለመመለስ የጠየቅሽውን ልመልስ። አሁን አይሆንም። ቢያንስ መለጠጡ እስኪቀንስ ጠብቂ። ስትመለሺም ከሱቅ ጠቆር ያለ ቀለም ገዝተሽ በቤትሽ እንዳትቀቢ። ብሊች የተደረገ ፀጉር ውስጡ የነበረው ቀይና ወርቃማ ቀለም ወጥቷል። በዚያ ላይ ቡናማ ስትቀቢ አረንጓዴ ወይም አመድ መስሎ ይወጣል፤ በሁለት ሳምንትም ታጥቦ ይሄዳል። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የጎደለውን ሞቅ ያለ ቀለም ይሞላል፣ ከዚያ ነው ቡናማውን የሚያስከትለው። የሚጠቀመውም አሞኒያ የሌለበት፣ ዴቨሎፐሩ (የሚበጠበጥበት ፔሮክሳይድ) ደካማ የሆነ ቀለም ነው። 48 ሰዓት አስቀድሞ ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ተቀብቶ አለርጂ እንደሌለሽ ይታያል። ከዚህ በፊት ተስማምቶሽ የነበረ ቀለምም አንድ ቀን ሊቆጣሽ ይችላል።

እናት ነኝ

ልጄ ቡቃያ፣ ፀጉር ሠሪ ስለመፈለግ ያልሽው ነው እኔን የነካኝ። ሴት ልጄ እንዳንቺው ተቃጥላ ዓመት ሙሉ ሻሽ ሳታስር ከቤት አልወጣችም። በመጨረሻ ጥሩ ሰው አገኘን። ያገኘነውም በማስታወቂያ አይደለም። ልጄ መንገድ ላይ ፀጉሯ የሚያምር ሰው ባየች ቁጥር አስቁማ ትጠይቅ ነበር። በተለይ የእሷ ዓይነት ፀጉር ያላቸውን። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች የአንድ ሠሪ ስም ጠሩላት።

ቡቃያ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። ከዚያስ ልጅዎ ስትሄድ ሠሪዋ ምን አለቻት?

እናት ነኝ

ምንም አልሠራችላትም። የመጀመሪያ ቀን አጥባ፣ ጫፉን ከርክማ፣ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ብላ ሸኘቻት። ልጄ እየተናደደች መጣች። እኔ ግን የዚያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ባለ መቀስ

እናታችን ቁም ነገሩን ተናግረውታል። እኔ ከወንበሩ ጀርባ የቆምኩ ሰው ነኝና ከዚህኛው በኩል የሚታየውን ልጨምርበት።

ለመሠራት ሳይሆን ለመነጋገር ሂጂ። ፀጉርሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ፣ በተፈጥሮ አደራረቁ። ጥሩ ሠሪ ከማውራቱ በፊት ይነካል። ጣቶቹን ሥሩ ውስጥ አስገብቶ ዕድገቱን ያያል፣ ጫፉን በጣቶቹ መሃል ይፈትጋል፣ አንድ ፀጉር አርጥቦ ይስባል። ከዚያ ይጠይቃል። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ነካው? ሪላክሰር? ጥቁር ቀለም? ሂና? የሂናውን ነገር የሚጠይቅ ካገኘሽ ሙያውን ያውቃል፤ አንዳንዱ ሂና የብረት ጨው ተቀላቅሎበት ስለሚሸጥ ፔሮክሳይድ ሲነካው ይግላል፣ ፀጉሩን ያጨሰዋል። ለምን ሁለት ሦስት ዓመት ካልሽኝ፣ ትከሻ ያለፈ ፀጉር ጫፉ ያን ያህል ዕድሜ አለው። ያኔ የተደረገበት ሁሉ አሁንም እዚያው አለ። አንቺም አትደብቂ። ያፈርሽበትን፣ በቤትሽ የሞከርሽውን፣ ሁሉንም ተናገሪ።

ቀጥሎ አንቺ ጠይቂ። «ስንት ፐርሰንት ፔሮክሳይድ ትጠቀማላችሁ?» በይ። 20 ቮልዩም የሚባለው 6 ፐርሰንት ነው፣ 30ው 9፣ 40ው 12። ቁጥሩ ሲጨምር ይፈጥናል፣ ጉዳቱም ይጨምራል። ጥያቄሽ የሚያናድደው ከሆነ አመስግነሽ ውጪ። «መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ፀጉር ላይ ትሞክሩልኛላችሁ?» በይ። ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ያንቺን ፀጉር ያድነው የነበረው እሱ ነው።

ፎቶ ስታዪም ተጠንቀቂ። በዚያው ዕለት የተነሳ ፎቶ ፎንና ዘይት ያሳይሻል። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው የመጡ ደንበኞቹን ፎቶ ጠይቂው። ፀጉር ቤቱ ውስጥም ትንሽ ተቀመጪና ተመልከቺ። ሰዓት ይይዛሉ ወይስ ብሊች ቀብተው ስልክ ያወራሉ? በየስንት ደቂቃው ፎይሉን ገልጠው ያያሉ? ደንበኛ «ይለበልበኛል» ስትል ምን ያደርጋሉ? ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የሚለበልብ ብሊች ወዲያው ይታጠባል። «ቻይው» የሚባል ነገር በሙያችን የለም። ያን ቀን ያንን ቃል የነገረሽ ሰው በእኔ ሙያ ስም ነው የነገረሽ፤ ስለዚህ እኔም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

በአንድ ቀን ከጥቁር ወደ ነጭ ብሎንድ አደርስሻለሁ የሚልን አትስሚ። ሦስት አራት ቀጠሮ፣ በመሃሉም የሳምንታት ዕረፍት ያስፈልጋል። «አይሆንም፣ ፀጉርሽ አይችልም» ብሎ ገንዘብሽን የሚመልስ ሰው ካገኘሽ እሱን ያዢ።

ቡቃያ

ማንበብ አቋርጬ አለቀስኩ። ይቅርታ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ተባረክ።

ቡቃያ (ከአራት ወር በኋላ)

ተመልሻለሁ። እንዳልረሳችሁኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አራት ፀጉር ቤት ለመነጋገር ብቻ ሄድኩ። አንደኛው ሳያየኝ ዋጋ ነገረኝ። ሁለተኛዋ «ኬራቲን እንሥራልሽና ይስተካከላል» አለች። ሦስተኛው ጨዋ ነበር፤ ግን የእኔን ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ብዙም እንደማይሠራ ራሱ ነገረኝ፤ ለዚህ አከበርኩት። አራተኛዋ መነጽሯን አደረገች፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጠችኝ፣ አንድ ፀጉር ነጥላ ውሃ ነካችውና በሁለት ጣቷ ሳበችው። ልክ ባለ መቀስ እንዳለው። ሲበጠስ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ» አላለችም። «መቼ ነው ሪላክሰር የተደረግሽው?» አለችኝ። እዚያው ቀረሁ።

ሪላክሰር ያለበትን ጫፍ በሙሉ አነሳንው። አሁን አገጬ ላይ ነው። የግንባሬ አጭሩም ከቀረው ጋር እንዲሄድ አድርጋ አስተካከለችው። በሳምንት አንዴ ብቻ እታጠባለሁ፣ ማታውን የኮኮናት ዘይት፣ ጠዋት ለስላሳ ሻምፖ፣ ከዚያ ኮንዲሽነር። ፕሮቲን በወር አንዴ። አንዴ አብዝቼው እንደ ሽቦ ገተረብኝና ላብራቶሪ ያልሽውን አስታውሼ አቆምኩ። ከሥሬ አራት ሴንቲ ሜትር ግድም የራሴ ፀጉር ወጥቷል። ስነካው የሌላ ሰው ፀጉር ይመስለኛል። ለስላሳ ነው።

ላብራቶሪ

ደስ ሲል! አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ፔስትራ መመለስሽ ካልቀረ ፀጉሩ ፍጹም ደረቅ ይሁን፣ ሙቀቱም ከ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይለፍ፤ ለብሊቹ ክፍል ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርጊው። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲደረግ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ፀጉሩን ከውስጥ በአረፋ ይሞላዋል። ያ ቦታ ነው በኋላ የሚበጠሰው።

ቡቃያ

ፔስትራው እህቴ ጋ ነው፤ መልሺልኝ አልልም። ቀለሙን ግን ባለፈው ሳምንት ሠራችልኝ። መጀመሪያ መዳብ የመሰለ ሞላችበት፣ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ቡናማውን ስታስከትል ከሥሬ ጋር አንድ ሆነ። እናቴ ዳበሰችውና «እህ፣ መጣ» አለች።

አዲስ ገባሁ

ሰላም። ይህን ሁሉ አሁን ነው ያነበብኩት። ትናንት በቤቴ ብሊች አድርጌ ፀጉሬ ቢጫ ሆነብኝ፣ በጣም ደርቋል። ነገ ድጋሚ ልቀባው ብዬ ሁለተኛውን ፓኬት ገዝቻለሁ። ልተወው?

ቡቃያ

ተይው የኔ እህት። ፓኬቱን አትክፈቺው። አሁን ማበጠሪያሽ ላይ ካለው አንድ ፀጉር አንሺ፣ አርጥቢው፣ በሁለት ጣትሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ይመለሳል ወይስ ተለጥጦ ይቀራል? ያየሽውን እዚህ ጻፊልን፣ እንጠብቅሻለን።